ገመድ፣ ሰንሰለት፣ ቺንጋ፦ ከአሽቀሎን የውኃ ጉድጓድ እስከ መኪና ሞተር

በአሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ካሉት ቅርሶች ሁሉ ከመኪና ሞተር ጋር ዝምድና ያላቸው የውኃ ጉድጓዶቹ ናቸው። ፓርኩ በእስራኤል ደቡባዊ የሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ በዛሬዋ አሽቀሎን ከተማ ጥግ፣ በጥንቷ ከተማ ፍርስራሽ ላይ የተከለለ ነው። ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1850 ገደማ በጭቃ ጡብ የተሠራውን ባለቅስት በር፣ ከተማዋን በግማሽ ክብ የከበበውን የመካከለኛው ዘመን ቅጥር፣ በባሕሩ በኩል ደግሞ ከግንቡ ብቅ ብቅ ያሉትን የግራናይት ዓምዶች አይቶ ይመለሳል። ጉድጓዶቹ በሾላ ዛፎችና በሣር መካከል ተበታትነው ስለሚገኙ ብዙ ሰው ልብ አይላቸውም። በአንዳንዶቹ አፍ ላይ ግን በአንድ ዘመን በእንስሳ ጉልበት የሚዞር የእንጨት መንኮራኩር ተተክሎ፣ ማሰሮ የተደረደረበት ገመድ ባዶውን እየወረደ ሞልቶ እየወጣ አትክልቱን ያጠጣ ነበር።

ያ ገመድና ዛሬ በሞተር ፊት ከፕላስቲክ ሽፋን ሥር የሚሽከረከረው የታይሚንግ ቺንጋ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ጫፍ የሌላቸው ቀለበቶች ናቸው፤ ሁለቱም በመንኮራኩር ላይ ተጠምጥመው ዙረትን ወደ ሥራ ይለውጣሉ፤ ሁለቱም ከተጠመዱበት ማሽን ቀድመው ያልቃሉ። የእንጨት መንኮራኩሩ ለዓመታት፣ የድንጋይ ጉድጓዱ ለዘመናት ሲቆይ ገመዱ ቶሎ ይበላል። የብረት ሞተሩ ብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው ቺንጋ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ የእነዚህ ማሽኖች ታሪክ ከመፈልሰፋቸው ይልቅ የሚያልቀውን ክፍል ማን፣ የት፣ በምን መሣሪያ ይተካዋል በሚለው ጥያቄ የበለጠ ይገለጣል።

አሽቀሎን ምንጭ የላትም፣ በአጠገቧ የሚያልፍ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝም የለም። ከተማዋን ያኖራት ከሥሯ ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። በዳርቻው የተዘረጋው አሸዋማ ድንጋይ የክረምቱን ዝናብ ያሰርጋል፤ የሰረገው ጣፋጭ ውኃ ከባሕሩ በሚገባው ጨዋማ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። ከማዕበሉ ጥቂት እርምጃ ርቆ የተቆፈረ ጉድጓድ የሚጠጣ ውኃ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከነዓናውያን፣ ፍልስጥኤማውያን፣ ሮማውያን፣ አረቦችና የመስቀል ጦረኞች ተፈራርቀው የኖሩባት ከተማ በእያንዳንዱ ዘመን ቆፍራለች፤ የቀደመውን ጉድጓድም አጽድታ ተጠቅማለች። በጥንት ጸሐፊዎች ዘንድ በሽንኩርቷ ስትታወቅ፣ በቢዛንታይን ዘመን ደግሞ የዚህ ዳርቻ ወይን በባሕር ተጭኖ ሩቅ አገር ይሄድ ነበር።

ጉድጓዶቹ የውጭ ሰዎችን ከጥንት ጀምሮ አስደንቀዋል። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ኦሪጀን ጻድቃን በፍልስጥኤም ምድር ጉድጓድ መቆፈራቸውን ለማስረዳት የአሽቀሎንን ጉድጓዶች ጠቅሶ፣ አሠራራቸው ከሌሎች የተለየ መሆኑን ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ570 ገደማ ያለፈ የፒያቼንዛ ተሳላሚ እንደ ቲያትር ሰፍቶ የተሠራ፣ በደረጃ ወደ ውኃው የሚወረድበት ጉድጓድ እንዳየ ተርኳል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የጢሮሱ ዊልያም ከተማዋ ምንጭ ባይኖራትም በቅጥሯ ውስጥና ውጭ ጣፋጭ ውኃ የሚሰጡ ብዙ ጉድጓዶች እንዳሏት መዝግቧል። የቱዴላው ቤንያምና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ባቱታ ደግሞ በአብርሃም ስም የሚጠራ ጉድጓድ አይተዋል። እነዚህ ሰዎች ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ደረጃውና ስለ ቅዱሱ ስም ብዙ ሲሉ ስለ ገመዱ ምንም አላሉም። ተጓዥ እንደዚህ ነው፤ በየቀኑ የሚበጠሰውን ነገር የሚያስታውሰው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ማሽኑ በአረብኛ ሳቅያ፣ በዕብራይስጥ አንቲሊያ ይባላል። ከጉድጓዱ አጠገብ አንድ መንኮራኩር አግድም ተጋድሞ በቋሚ ዘንግ ላይ ይተከላል። ከዘንጉ የተዘረጋ ረጅም እንጨት በሬ፣ በቅሎ ወይም ግመል ይጠመድበታል፤ እንስሳው ብዙ ጊዜ ዐይኑ ተሸፍኖ በክብ መንገድ ይዞራል። የተጋደመው መንኮራኩር የእንጨት ጥርሶች ቀጥ ብሎ የቆመ ሁለተኛ መንኮራኩር ጥርሶችን ይገፋሉ፣ በዚህም የእንስሳው አግድም ዙረት ወደ ቋሚ ዙረት ይለወጣል። በሁለተኛው ዘንግ ላይ ወደ ጉድጓዱ አፍ የተጠጋ ሦስተኛ መንኮራኩር አለ፤ በእርሱ ላይ ነው ጥንድ ገመድ ተጠምጥሞ እስከ ውኃው የሚወርደው። በገመዱ ላይ በየተወሰነ ርቀት ማሰሮዎች ይታሰራሉ። ማሰሮው አፉን ወደ ታች አድርጎ ይወርዳል፣ ውኃ ውስጥ ይገለበጣል፣ ሞልቶ ይወጣል፣ አናት ላይ ሲደርስ ወደ ገንዳ ይደፋል፣ ከገንዳው በቦይ ወደ ማጠራቀሚያ ይሄዳል። የጉድጓዱ አፍ ክብ ከመሆን ይልቅ ጠባብና ረጅም የሚሆነውም ወራጁና ወጪው ገመድ ሳይነካኩ እንዲያልፉ ነው።

ማሰሮው ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ዕቃ ነው። የወጥ ማሰሮ ገመድ ቢያስሩበት ይንሸራተታል። የሳቅያ ማሰሮ ግን ወገቡ ላይ ገባ ያለ፣ ወይም አንገቱ የጠበበ፣ መቀመጫው ላይ ደግሞ እንደ ጉብ ያለ እጀታ የሚመስል ነገር ያለው ነው። አንዱ ማሰሪያ አንገቱን፣ ሌላው ጉቡን ይይዛል። መሬት ላይ ቢያስቀምጡት አይቆምም፤ መቆምም አይጠበቅበትም። በስፔን በነበሩት ተመሳሳይ ማሽኖች ማሰሮው መቀመጫው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበጅለት ነበር፤ ሲጠልቅ አየሩ በቀዳዳው ወጥቶ ቶሎ እንዲሞላ፣ እንስሳው ሲቆም ደግሞ ውኃው ቀስ ብሎ ፈስሶ ገመዱ ከሸክም እንዲያርፍ ነው። እንዲህ ዓይነት ማሰሮዎች ስብርባሪያቸው በእስራኤል ዳርቻ በብዙ ቁፋሮ ይወጣል። ቅርጻቸው በየዘመኑ ስለሚለያይ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች የጉድጓዱን ዕድሜ ይገምቱባቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚገኙትም ጉድጓዱ ሥር ነው፤ ገመድ በተበጠሰ ቁጥር ማሰሮ ወደ ታች ይወርዳልና።

የሁለቱ ክፍሎች ብልሽት አይመሳሰልም። አንድ ማሰሮ ቢሰበር ማሽኑ ጥቂት ውኃ ይጎድልበታል እንጂ አይቆምም፤ ገበሬው ሲመቸው ሌላ ያስርበታል። ገመዱ ከተበጠሰ ግን ሥራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ያከትማል። ገመዱ ከተምር ዛፍ ጭረት ወይም ከሌላ ቃጫ የተገመደ ነው፤ እየራሰና እየደረቀ፣ ከመንኮራኩሩ እንጨት ጋር እየተፋተገ ይሳሳል። ይህን መተካት አናጢ አይጠይቅም። ገመድ መግመድ የሚያውቅ፣ ቋጠሮ የሚያስር፣ ርቀቱን በክንዱ የሚለካ ሰው በጓሮው ይሠራዋል። ጥርሱን የጠረበው አናጢና ማሰሮውን ያቃጠለችው ሸክላ ሠሪ የገበያ ሰዎች ናቸው፤ ገመዱ ግን የቤት ሥራ ነው። ዛሬ በአሽቀሎን ብዛት ያላቸው የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ይኖራሉ። አያቶቻቸው በጎንደርና በአካባቢው በብረት ቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ የታወቁ ስለነበሩ፣ ያ ማሽን በመንደራቸው ቢተከል ኖሮ ማሰሮውን ለሌላው ሠርተው የሚያስረክቡት እነርሱ በሆኑ ነበር።

የማሽኑ ትውልድ አገር ግብፅ ሳይሆን አይቀርም። እስክንድርያ ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2ኛው ክፍለ ዘመን ተብሎ በሚገመት የመቃብር ሥዕል ላይ በሬዎች ሳቅያ ሲያዞሩ ይታያሉ። ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ደግሞ እያንዳንዳቸው 3.3 ሊትር ያህል የሚይዙ የነሐስ ባልዲዎች በብረት ሰንሰለት ላይ ተንጠልጥለው ውኃ የሚያወጡበትን መሣሪያ ገልጿል። ሆኖም ብረትና ነሐስ ለአትክልተኛ አይደረስበትም። ማሽኑ በብዛት የተስፋፋው በርካሹ ገመድና በርካሹ ሸክላ ሲሠራ፣ በተለይ ከ4ኛውና ከ5ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ ነው፤ ወደ ኑቢያም በአባይ ሽቅብ ወጥቷል።

ጥገናው በጽሑፍ ተመዝግቦ የተገኘው በግብፅ ኦክሲሪንኩስ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የአፒዮን ቤተሰብ ሰፊ ርስት ነበረው፤ ከርስቱ በተረፉት ፓፒረሶች ውስጥ የውኃ ማሽናቸው ዘንግ የተሰበረባቸው ገባሮች አዲስ ዘንግ ከባለርስቱ መረከባቸውን የሚያረጋግጡባቸው ደረሰኞች አሉ። የአንድ ገባር ማሽን ዘንግ ሲያረጅ ወደ ከተማ ሄዶ ይረከባል፣ ይፈርማል፣ ይዞ ይመለሳል። ትልቁና ውዱ ክፍል በባለቤት መዝገብ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ዛሬ ሰው ሞተር ሲያወርድ ደረሰኝ ይዞ፣ ቺንጋ ሲቀይር ግን በኪሱ ብር ብቻ ይዞ እንደሚሄደው ያለ ልዩነት ያኔም ነበር።

ሳቅያ ሌላም የሞተር መካኒክ ወዲያው የሚያውቀው ጠባይ አለው፤ ወደ ኋላ መዞርን አይወድም። በአንድ ወገን የሞሉ ማሰሮዎች፣ በሌላው ባዶዎች ስለሚንጠለጠሉ እንስሳው በቆመ ቅጽበት ሸክሙ መንኮራኩሩን ወደ ኋላ ይስባል፤ እንጨቱ እንስሳውን ሊመታ፣ ገመዱ ሊዘል ይችላል። ስለዚህ ጥርሱ ላይ የሚወድቅ ማገጃ እንጨት ተፈጠረለት፤ ወደ ፊት ሲዞር ጠቅ ጠቅ እያለ ያልፋል፣ ወደ ኋላ ሲሞክር ይይዛል።

አሽቀሎን እ.ኤ.አ. በ1153 በመስቀል ጦረኞች፣ በ1187 በሳላዲን ተያዘች፤ ሳላዲን ራሱ በ1191 አፈራረሳት፣ በመጨረሻም በ1270 ሱልጣን በይባርስ ዳግም እንዳትነሣ አድርጎ ደመሰሳት። ከተማዋ ጠፋች፤ ጉድጓዶቹ ግን አልጠፉም። ከቅጥሩ ጥግ የነበረችው የኤል-ጁራ መንደር ገበሬዎች እስከ 1948 ጦርነት ድረስ በፍርስራሹ ውስጥ አትክልትና ፍራፍሬ ሲያለሙ ኖረዋል፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦችም በግንቦቹ መካከል የውኃ መንኮራኩርና የአትክልት ቦታ ማየታቸውን ጽፈዋል።

የሳቅያ ዘመን ያበቃው በሞተር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአሽቀሎን በስተሰሜን ያለችው ጃፋ ብርቱካኗን ወደ አውሮፓ መላኳ ሲበዛ የውኃው ፍላጎት ከበሬ ጉልበት በላይ ሆነ። የሊዮን ስታይን ፋብሪካና የዋግነር ወንድማማቾች የብረት ወርክሾፕ መጀመሪያ ከብረት የተሠራ አንቲሊያ፣ ኋላም የሞተር ፓምፕ ለብርቱካን አትክልተኞች አቀረቡ። ማሰሮውና ገመዱ ቀረ፤ ነገር ግን ቀለበቱ አልቀረም፤ ሞተሩን ከፓምፑ ያገናኘው ረጅም ጠፍጣፋ የቆዳ ቺንጋ ነበር።

ይህን ጠፍጣፋ ቺንጋ የኢትዮጵያ ገጠር በወፍጮ ቤት ያውቀዋል። እንደ ሊስተር ያለ ዘገምተኛ የናፍጣ ሞተር በአንድ ጥግ ይንኳኳል፣ ድንጋዩ በሌላው ጥግ ይዞራል፣ መካከላቸው ቺንጋው ይወዛወዛል። እህሉ ሲበዛበት ይንሸራተታል ወይም ከፑሌጃው ይወልቃል፤ ባለወፍጮው መልሶ ያስገባዋል፤ ሲበጠስ በብረት ጥርስ ይሰፋዋል። መንሸራተቱ ጉዳት ብቻ አልነበረም፤ ድንጋዩ ቢያዝ ሞተሩን የሚያተርፈው እርሱ ነው። ለወፍጮ ቤት ጥቂት መንሸራተት ይፈቀዳል። ለቫልቭ ግን ፈጽሞ አይፈቀድም።

ባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ ፒስተኖቹን ያዘለው ክራንክ ሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት አንድ ጊዜ ብቻ መዞር አለበት። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ክራንኩ በሰኮንድ 50፣ ካሙ 25 ጊዜ ይዞራል፤ እያንዳንዱም ቫልቭ በሰኮንድ 25 ጊዜ ይከፈታል። ሁለቱ ዘንጎች አንዲት ጥርስ ከተዛነፉ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ብዙ ከተዛነፉ አይነሣም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ጥርስ በጥርስ የሚገፋ ማርሽ ወይም ሰንሰለት ተጠቀሙ። ሰንሰለት ለሰዓት ትክክለኛነት ሲውል የመጀመሪያው አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1090 ገደማ ቻይናዊው ሱ ሶንግ በካይፌንግ ባሠራው የሰዓት ማማ ውስጥ ጫፍ የሌለው ሰንሰለት ዙረትን ያስተላልፍ ነበር። ለመኪና የሚሆነው ዘመናዊ ሰንሰለት መሠረቱ ሃንስ ሬኖልድ በ1880 በማንቸስተር ያስመዘገበው ነው።

ሰንሰለት ጠንካራ ቢሆንም ዘይት ይፈልጋል። ስለዚህ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ለመድረስ ሽፋን መፍታት፣ አንዳንዴም የዘይት ሳህኑን ማውረድ ያስፈልጋል። ቀለበቱን ከሞተሩ ሆድ ያወጣው ጎማ ነው። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በጊልመር ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ኬዝ ለሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና በውስጥ በኩል ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ሠራ፤ ዓላማው መርፌውና ከሥር ያለው የክር መዞሪያ በትክክል ተገጣጥመው እንዲሄዱ ነበር። እንደ ጠፍጣፋው ቺንጋ ዘይት አይፈልግም፣ እንደ ሰንሰለት ደግሞ አይንሸራተትም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የካሊፎርኒያው የውድድር መኪና ሠሪ ቢል ዴቪን ይህን ቺንጋ ለካም ሻፍት ተጠቀመበት። በገፍ በተመረተ መኪና ላይ የመጣው ግን ከጀርመን ባቫሪያ ነው፤ የግላስ ኩባንያ በ1962 ያወጣው 1004 ካሙን በጎማ ቺንጋ ያዞር ነበር። በ1966 ፖንቲያክ በአሜሪካ፣ ፊያት ደግሞ በ124 ስፖርት መኪናው ተከተሉ። የፊያቱን ሞተር የነደፈው ቀድሞ ፌራሪ ይሠራ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፤ ሁለት ካም ሻፍት ያለው ሞተር ከሀብታሞች መኪና ወጥቶ ለመካከለኛ ገቢ ሰው የደረሰው በዚህ ርካሽ ጎማ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቺንጋው ውስጠ ነገር ከመልኩ ይልቃል። ሸክሙን የሚሸከመው ጎማው ሳይሆን በውስጡ እንደ ክር የተዘረጋው የመስታወት ቃጫ ነው። ጥርሶቹ በናይሎን ጨርቅ ተለብጠዋል። ጎማው በመጀመሪያ ኒዮፕሪን ነበር፤ ኋላ ሙቀትና ዘይት የበለጠ የሚቋቋም ሌላ ዓይነት ጎማ ተተካበት፣ ዕድሜውም ረዘመ። የመስታወት ቃጫ ሲጎተት ብርቱ ነው፣ ሲታጠፍ ግን ይሰበራል። አዲስ ቺንጋ በጣት ተቆልምሞ ወይም ወደ ውጭ ተገልብጦ ከታየ፣ ውጪው ምንም ሳይመስል ውስጡ ተሰብሮ ሊገባ ይችላል። መካኒኮች ከካርቶኑ ሲያወጡት የሚጠነቀቁት ለዚህ ነው።

ቺንጋው ከሞተሩ ውጭ መሆኑ የቤት ጥገናን መንገድ ከፈተ። ጆን ሄይንስ የመኪና ባለቤቶች የጥገና መጽሐፉን ማሳተም የጀመረው በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ እነዚህ ሞተሮች ገበያ ሲገቡ ነው። መኪናውን ራሱ ፈታትቶ መልሶ እየገጠመ በፎቶ የሚያሳይ መጽሐፍ፣ ከፋብሪካው ወርክሾፕ ውጭ ያለ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በግቢው እንዲደፍር አበረታታ።

ሥራው ሲጻፍ አጭር፣ ሲሠሩት ረጅም ነው። ሞተሩ ይቀዘቅዛል፣ የባትሪው ገመድ ይነቀላል፣ የዲናሞውና የሌላው ቺንጋ ይወልቃል። የክራንኩ ፑሌጃ ቡሎን እጅግ ጠብቆ ስለሚታሰር የቤት ጠጋኝ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው እዚያ ነው፤ መያዣ የሌለው ሰው ሰዓታት ያባክናል። ሽፋኑ ሲነሣ ቺንጋው ይታያል፦ ጥርሶቹ መካከል የተሰነጠቀ፣ ጠርዙ የተተለተለ፣ ከአፈሰሰ ማኅተም የመጣ ዘይት የነካው ወይም ጥርስ የጎደለው። ቺንጋው ከመነሣቱ በፊት ሞተሩ በቡሎን መፍቻ እየዞረ፣ በክራንኩና በካሙ ማርሽ ላይ ያሉት ምልክቶች በሞተሩ አካል ላይ ካሉት ምልክቶች ጋር ይገጠማሉ። የአሮጌው ብልሃት በነጭ ቀለም ተጨማሪ ምልክት ማድረግ ነው። መወጠሪያው ይላላል፣ አሮጌው ይወጣል። እዚህ ላይ የመወጠሪያው ኩሽኔታ በእጅ ይሽከረከራል፤ ካንጫጫ ይቀየራል፣ ምክንያቱም አዲስ ቺንጋ በአሮጌ ኩሽኔታ ላይ ማሰር ሥራውን ሁለቴ ለመሥራት መዘጋጀት ነው። በብዙ ሞተሮች የራዲያተሩን ውኃ የሚያዞረው ፓምፕም በዚሁ ቺንጋ ስለሚዞር አብሮ ይለወጣል።

አዲሱ ቺንጋ በእጅ እንጂ በካቻቢቴ ተገፍቶ አይገባም። ከመወጠሪያው ተቃራኒ ያለው ወገን ተወጥሮ ይቀመጣል፣ ትርፉ ሁሉ በመወጠሪያው በኩል ይሰበሰባል። ክራንኩ ላይ 24 ጥርስ ቢኖር ካሙ ላይ 48 ይሆናል፤ ክራንኩ ላይ አንዲት ጥርስ መሳት የ15 ዲግሪ ስሕተት ነው። ከተወጠረ በኋላ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፣ ምልክቶቹ ዳግመኛ ይታያሉ። የሚዞረውም ሞተሩ ሲሠራ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ከተመለሰ ልል ሆኖ የቆየው ወገን ጥርስ ሊዘል ይችላል። የአሽቀሎን አናጢ ለበሬው ያበጀው ማገጃ እዚህ በመካኒኩ ጥንቃቄ ተተክቷል።

ቺንጋ ሲበጠስ የሚደርሰው እንደ ሞተሩ ይለያያል። በአንዳንዶቹ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ፒስተኑ አይደርስበትም፤ መኪናው ይቆማል፣ ቺንጋ ይቀየርለታል፣ ይሄዳል። በሌሎቹ ፒስተንና ቫልቭ ያንኑ ቦታ በፈረቃ ስለሚጠቀሙበት፣ ካሙ በቆመ ቅጽበት ይጋጫሉ። ቫልቭ ይቆለመማል፣ ቴስታታ ይወርዳል፣ የቅዳሜው ሥራ የወር ሥራ ይሆናል።

እስራኤል ከመጀመሪያው ዓይነት ጋር ረጅም ትውውቅ ነበራት። የአረብ አገሮች የንግድ ማዕቀብ አብዛኞቹን የጃፓን መኪና ሠሪዎች ባራቀበት ዘመን ሱባሩ ገበያውን ደፍሮ ገባ፤ በ1980ዎቹ በእስራኤል መንገድ ላይ በብዛት የሚታይ መኪና ሆነ። ቀደም ያለው የሱባሩ ሞተር ካሙን በማርሽ ያዞር ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተተካው ኢኤ82 ግን ለግራና ለቀኝ ሲሊንደሮቹ አንድ አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት ቺንጋ ነበረው። ቢበጠሱም ቫልቭ አይጎዳም፤ በዚህ የተነሣ አንዳንድ ባለቤቶች የፕላስቲክ ሽፋኑን መመለስ ትተው መለዋወጫ ቺንጋ ከክሪኩ ጋር ይዘው ይጓዙ ነበር።

የኢትዮጵያ መንገድ ደግሞ ለብዙ ዘመን ቺንጋ አልባ ነበር። ቮልስ ካሙን በማርሽ ታዞራለች። ሰይቼንቶና በኋላ የመጣው ዲኤክስ ኮሮላ በሰንሰለት ይሠራሉ፤ ላዳም ከ2105ቱ ሞተር በቀር እንዲሁ። የከባድ መኪና ሞተሮች እስከ ዛሬ በአብዛኛው ማርሽ ነው። ስለዚህ ከጣሊያን ወርክሾፖች ሥር ተምሮ የወጣው ትውልድና የእርሱ ደቀ መዛሙርት ስለ ዘይት፣ ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ካንዴላ እንጂ ስለ ታይሚንግ ቺንጋ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። ጉዳዩን ወደ እያንዳንዱ ታክሲ ተራ ያመጣው የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ ነው። በውስጡ ያሉት የኤል ቤተሰብ ናፍጣ ሞተሮች፣ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል፣ ካሙንም የናፍጣውን ፓምፕም በአንድ ቺንጋ ያዞራሉ፤ ሲበጠስም ቫልቭ አይተርፍም። በብዙዎቹ ዳሽቦርድ ላይ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ስለ ቺንጋው የሚያስጠነቅቅ መብራት ይበራል። መብራቱ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ቺንጋውን አያይም። ሳይቀየር መብራቱን ማጥፋት ስለሚቻል፣ አሮጌ ሚኒባስ የሚገዛ ሰው መብራቱ ጠፍቶ ማየቱ ብቻ አያሳምነውም።

በአዲስ አበባ ሥራው የሚከፋፈለው በልዩ መንገድ ነው። ባለመኪናው ወይም ሾፌሩ ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄዶ ቺንጋውንና መወጠሪያውን ይገዛል፤ መካኒኩ እጁን ብቻ ያቀርባል፤ ሥራው ጋራዥ ውስጥ፣ መንገድ ዳር ወይም በባለቤቱ ግቢ ይሠራል። በዚህ አሠራር ዕቃው ኦሪጂናል መሆኑን የመለየት ኃላፊነት የገዢው ነው። አስመስሎ የተሠራ ቺንጋ በዐይን ስለማይለይ፣ ይህ ክፍፍል ለመካኒኩ ምቹ፣ ለባለመኪናው ግን አደገኛ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ቶዮታ ለትናንሽ የቤንዚን ሞተሮቹ ወደ ሰንሰለት ተመለሰ። አዲስ አበባን የሞሉት ቪትዞች ሁሉ ሰንሰለት ናቸው። ሌሎች ሠሪዎች የተለየ መንገድ ሞከሩ፤ የፎርድ 1.0 ኢኮቡስትና የፔጆና የሲትሮየን 1.2 ፒዩርቴክ ቺንጋውን መልሰው በዘይት ውስጥ አስገቡት። ዘይቱ ጎማውን ካለሰለሰው ፍርፋሪው የዘይት መምጠጫ ወንፊቱን ይደፍናል፤ ቺንጋውን ለመድረስም እንደ ጥንቱ ሰንሰለት ሞተሩን መክፈት ግድ ነው። የቤት ጠጋኙ በ1962 ያገኘውን በር እነዚህ ሞተሮች ዘግተውበታል።

ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ካም ሻፍትም ቫልቭም ስለሌለ የሚያገናኛቸው ቀለበት አያስፈልግም። መንገድ ላይ ያሉት ሃይኤሶች ግን ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፣ ሶማሌ ተራም ቺንጋ መሸጡን ይቀጥላል።